ፕላስተሩ ሳይቀደድ የተከፈተው ካርቶን

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከዳይመንድ ፕላዛ ብዙም ሳይርቅ ቅመማ ቅመምና ሻይ ቅጠል የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሚያዝያ ላይ፣ የናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ በያዘበት ሰሞን፣ እዚያ ደጃፍ ቆሜ ዕቃ ሲራገፍ አይ ነበር። የአገሬው ሰው ምኮኮቴኒ በሚለው የእጅ ጋሪ ካርቶኖች ተደራርበው መጡ። ወጣቱ አውራጅ አንዱን ታቅፎ ሁለት እርምጃ እንደሄደ የካርቶኑ ታች ተከፈተና የሻይ ፓኬቶቹ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተዘረገፉ። «ሳማሃኒ፣ ምዜ» አለ ልጁ ደንግጦ፤ በስዋሂሊ «ይቅርታ፣ አባቴ» እንደማለት ነው። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ፣ የህንድ ዝርያ ያላቸው ኬንያዊ ናቸው። ልጁን አልተቆጡትም። ባዶውን ካርቶን አነሱና ፕላስተሩን በጣታቸው ዳሰው ወደ እኔ ዘረጉት።

ፕላስተሩ አልተቀደደም፣ አልተበጠሰምም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳለ ነው። በሚጣበቀው ጎኑ ላይ ከስስ አቧራ በቀር ምንም የለበትም፤ ከካርቶኑ አንዲት የወረቀት ጭረት እንኳ ነቅሎ አልመጣም። በማሸጊያ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ምስክር አያሻውም። ያ ካርቶን ከፋብሪካው ሲወጣ ፕላስተር ተለጥፎበት ነበር እንጂ አልታሸገም።

በመለጠፍና በማሸግ መካከል ያለውን ልዩነት የተረዳ ሰው፣ አውቶማቲክ ማሸጊያ ማሽን ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለመረዳት አይቸገርም። ብዙ አምራቾች ማሽኑን ሲገዙ ችግሩን አብረው የሸኙት ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ማሽን ያቀረቡለትን ሥራ ደጋግሞ፣ ሳይሰለች፣ አንድ ዓይነት አድርጎ ይሠራል፤ መጥፎ ካርቶንና የማይስማማ ፕላስተር ካቀረቡለት ደግሞ መጥፎ እሽግ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ያወጣል።

ፓርክላንድስ የፋብሪካ ሰፈር አይደለም። በናይሮቢ ካርቶን የሚታሸገው በአብዛኛው በኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ በባባ ዶጎና በሞምባሳ መንገድ ዳር ነው። ፓርክላንድስ የሚከፈትበት ቦታ ነው። የሕንዶቹ ቅመማ ቅመም ሱቆች፣ ምግብ ቤቶቹ፣ መድኃኒት ቤቶቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በሦስተኛ ፓርክላንድስ አቬኑ የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታል፣ በሺቫቺ መንገድ ያለው ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታል፣ ሁሉም በየቀኑ ካርቶን ይቀበላሉ። የእሽግን ጥራት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት እዚህ መጥቶ ቢቆም መልካም ነው፤ ፋብሪካው የማያየውን ያያልና።

መጀመሪያ ግን ካርቶን ራሱ ምንድን ነው? ጫፉን ቀደድ አድርገው ቢያዩት በሁለት ዝርግ ወረቀቶች መካከል እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተጣጠፈ ሦስተኛ ወረቀት ያገኛሉ። ይህ ሽንሽን ወረቀት እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ሲያገኝ ዕቃ ሊጫንበት አልነበረም፤ የረጃጅም ባርኔጣዎች የውስጥ ገበር እንዲሆን ነበር። በ1871 አልበርት ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ጠርሙስና የፋኖስ ብርጭቆ ሊጠቀልልበት ወሰደው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦሊቨር ሎንግ ሽንሽኑን በሁለት ዝርግ ወረቀት መካከል አስገባው፤ ዛሬ የምናውቀው ካርቶን የዚያን ጊዜ ተወለደ ማለት ይቻላል። በዚሁ ዘመን ብሩክሊን ውስጥ ሮበርት ጌር ወረቀትን በአንድ ምት መቁረጥና ማጠፊያ መስመር ማውጣት እንደሚቻል ደረሰበትና ሳጥን ተጣጥፎ፣ ተጠፍጥፎ፣ በብዛት መጓጓዝ ጀመረ።

የካርቶን ጉልበት ያለው በቆሙት ግድግዳዎቹ፣ ከሁሉ በላይ በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለው እስከቆሙ ድረስ ብዙ ጭነት ይሸከማሉ። አንዴ ካዘነበሉ ግን ያው ካርቶን ከራሱ በላይ የተደረደሩትን መቋቋም ያቅተዋል። ማዕዘኖቹን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ደግሞ ከላይና ከታች ያሉት አራት አራት ክንፎች ናቸው። ክንፎቹ ሳይገጣጠሙ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ላይ ተደርቦ ከታሸገ፣ ሳጥኑ ከአራት ማዕዘንነት ወደ ሰያፍ ይሄዳል። እሽግ ዕቃው እንዳይወጣ ከመያዝ በተጨማሪ የካርቶኑ የአጥንት ሥራ አካል ነው። ይህን ያልተረዳ ድርጅት ፕላስተር እንደ ጌጥ ሪባን ርካሹን ይገዛል።

አሁን ወደ ፕላስተሩ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ናይሮቢዎች ሴሎቴፕ ይሉታል። በአገራችን ገጠር ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ፕላስተር እንዴት እንደሚጣበቅ ያውቃል። ጭቃው እንጨቱ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መራጊው በመዳፉ ገፍቶ በእንጨቶቹ መካከል ያስገባዋል፤ ጭቃው ከውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነው ግድግዳ የሚሆነው። በመዳፍ ያልተገፋ ጭቃ ለጊዜው ያምራል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ግን ልጥ ብሎ ይወርዳል። የካርቶን ፊት ለዓይን ልስልስ ቢመስልም በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተወሳሰበ የወረቀት ጭረት ጫካ ነው። የፕላስተሩ ማጣበቂያ በጣም ወፍራም ፈሳሽ ነው ቢባል ይቀላል፤ ሲጫኑት ብቻ ወደዚያ ጫካ ይዘልቃል። እንዲህ ያለውን ፕላስተር የሚያጣብቀው ግፊት ነው። ሪቻርድ ድሩ በአሜሪካው ሦስት ኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ለመኪና ቀቢዎች የመሸፈኛ ፕላስተር፣ በ1930 ደግሞ በሴሎፎን የተሠራውን ግልጽ ፕላስተር ካወጣ ወዲህ ቁሱ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ይህ ባሕርይ ግን አልተለወጠም።

በእጅ የሚያሽግን ሠራተኛ እንመልከት። ጥቅልሉን በያዘው መሣሪያ ፕላስተሩን ይጎትታል፣ ሲቸኩል ደግሞ ይወጥረዋል። የተወጠረ ፕላስቲክ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ጫፎቹን ወደ መሐል ይስባል። ጠዋት አራት መቶ ካርቶን ያሸገ ክንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ጠዋቱ አይጫንም። ሠራተኛው ራሱ እሽጉ እንደላላ ይሰማውና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር ይደርብበታል። በዚያ የዝናብ ቀን የተከፈተውን ካርቶን ስገለብጠው ያየሁት ይህንኑ ነበር፤ ከላይ ሦስት ድርብ ፕላስተር፣ ከታች ክብደቱን በሚሸከመው በኩል ግን አንድ ብቻ። ሰው ዓይኑ የሚያየውን ያጠብቃል። ስለዚህ የእጅ ሠራተኞችን መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የሰው ትከሻና የእጅ አንጓ ቀኑን ሙሉ እኩል ግፊት እንዲሰጥ መጠየቅ ራሱ ስህተት ነው።

ማሽኑ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በብዛት የሚታየው ከፊል አውቶማቲክ ዓይነቱ ነው። ሠራተኛው ካርቶኑን ሞልቶ፣ ክንፎቹን አጥፎ ያስጠጋዋል፤ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ቺንጋዎች ጎኖቹን ይዘው ይጎትቱታል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ የፕላስተር ራስ አለ። ካርቶኑ ሲጠጋ የፊተኛው ሮለር ይገፋና የፕላስተሩን መነሻ በፊት ግድግዳው ላይ ይጫነዋል፤ ከዚያ በክንፎቹ መጋጠሚያ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። ካርቶኑ ሲያልፍ ምላጭ ይቆርጠዋል፣ ብሩሽ ያስተካክለዋል፣ በሞላ የተወጠረው የኋላ ሮለር ደግሞ ጭራውን በኋላ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። በፊትና በኋላ ወደ ታች የሚወርደው እግር በተለምዶ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን እግር ልብ ይበሉ። ካርቶኑን ተዘግቶ የሚይዘው ከመሐሉ ርዝመት ይልቅ እሱ ነው፤ ክንፎቹ ሊከፈቱ ሲሞክሩ መጀመሪያ የሚጎተተው እሱ ነውና።

ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ መጠን ከሆኑ ማሽኑ አንዴ ይስተካከላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። መጠናቸው የሚለያይ ከሆነ የእያንዳንዱን ቁመትና ስፋት እየለካ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ክንፎቹንም ራሱ የሚያጥፍ አለ። ለአንድ መካከለኛ የቅመም ወይም የብስኩት አምራች ግን ከውዱ ማሽን በፊት የካርቶን መጠኖቹን ከአሥራ አምስት ወደ አራት ወይም አምስት ዝቅ ማድረግ የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ወጪው የአንድ ሳምንት ልኬትና ስብሰባ ብቻ ነው።

የማሽን ትልቁ ስጦታ ስህተቱ መልክ ያለው መሆኑ ነው። በእጅ ሲታሸግ እያንዳንዱ ካርቶን በራሱ መንገድ ይበላሻል፤ ምክንያቱን ማሳደድ አይቻልም። ማሽን ሲያበላሽ ግን መቶውንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያበላሻል፣ በዚህም ሕመሙን ይናገራል። ፕላስተሩ ሁልጊዜ ከመጋጠሚያው ወደ ግራ ካዘነበለ የጎን መምሪያዎቹ ተንቀሳቅሰዋል። ጭራው እየተነሳ ከቀረ የኋላ ሮለሩ ሞላ ላልቷል ወይም ሮለሩ አልቋል። የተቆረጠበት ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ሳይሆን የተጎተተና የተዘረዘረ ከሆነ ምላጩ ደንዝዟል፣ ወይም ማጣበቂያ ተጋግሮበታል። ፕላስተሩ ከወጣ በኋላ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ የጥቅልሉ ፍሬን ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ያ በእጅ ሥራ ጊዜ ያየነው መወጠር እንደገና መጥቷል ማለት ነው። አንድ ጥሩ ኦፕሬተር እነዚህን ምልክቶች እንደ ሐኪም ያነባል። ቀድሞ በእጅ ያሽግ የነበረው ሠራተኛ ለዚህ ቦታ ከማንም ይበልጣል፤ የካርቶኑን ባሕርይ በጣቱ ያውቀዋልና።

ማሽኑ ሊያርመው የማይችለውም አለ። ከልክ በላይ የተሞላ ካርቶን ክንፎቹ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የትኛውም ፕላስተር ይህን ግፊት ለሳምንታት አይችለውም። ያልሞላ ካርቶን ደግሞ የሮለሩ ግፊት ሲያርፍበት ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ከሥር የሚመክት ነገር የለምና ማጣበቂያው አይሰርግም። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ የሚወሰነው ማሽኑ ጋ ሳይሆን ሙሊቱ ጋ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይም አለ። በምዕራብ ኬንያ ዌቡዬ ከእንጨት ወረቀት ያመርት የነበረው የፓን አፍሪካን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆመ። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው ካርቶን ብዙ ጊዜ ከተሰበሰበ አሮጌ ወረቀት የተሠራ ነው። መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ወረቀት በታደሰ ቁጥር ጭረቱ ያጥራል፣ ፊቱም አቧራ ይበዛበታል። በአዲስ እንጨት ወረቀት ላይ አጥብቆ የያዘ ፕላስተር እዚህ አቧራውን ብቻ ይዞ ሊላቀቅ ይችላል። መፍትሔው ካርቶኑን መናቅ ሳይሆን ማጣበቂያው ወፍራም የሆነ ፕላስተር መምረጥና ማሸጊያው አካባቢ ያለውን ብናኝ መጥረግ ነው። የፕላስተር ሻጩን «ስንት ሜትር ነው?» ከማለት በፊት «ማጣበቂያው ምንድን ነው?» ማለት ይገባል። አክሪሊክ የሚባለው ሙቀትና ፀሐይ ይችላል፣ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት ግን ሰዓታት ይፈልጋል። የጎማ ይዘት ያለው ወዲያው ይነክሳል፣ በብርቱ ሙቀት ግን ይለሰልሳል።

የጎማውን መለስለስ ለማየት ከናይሮቢ ወደ ሰሜን መንዳት ይበቃል። መኪናው ከቀዝቃዛው ደጋ ወርዶ የኢሲዮሎንና የማርሳቢትን በረሃ አቋርጦ ሞያሌ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተከፈተው የሞያሌ የጋራ ኬላ ኬንያንና ኢትዮጵያን ካቀራረበ ወዲህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሸቀጥ ቀን ቀን ግሎ፣ ሌሊት ቀዝቅዞ፣ መቶ ኪሎ ሜትሮችን እየተንቀጠቀጠ አገራችን ይገባል።

ከፍታም የራሱን ይጨምራል። ሞምባሳ በባሕር ወለል ላይ የታሸገ የድንች ጥብስ ፌስታል፣ ናይሮቢ 1,700 ሜትር ላይ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር በአምስተኛ ያህል ሊስፋፋ ይሞክራል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በሲሶ ያህል። ጠባብ ካርቶን ውስጥ ሃያ አራት ፌስታሎች በአንድነት ሲነፉ ክንፎቹን ከውስጥ ይገፋሉ። ሻጩ «ፕላስተሩ መጥፎ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን ሞምባሳ ላይ ሲሞላ ለከፍታው ቦታ አለመተዉ ነው።

ፍጥነት በሚያስፈልግበት ትልቅ ፋብሪካ፣ ሳሙናም ሆነ ብስኩት ላይ፣ ከፕላስተር ይልቅ ትኩስ ሙጫ ይመረጣል። ከጋን ውስጥ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት የቀለጠ ሙጫ በቀጭን አፍ ክንፎቹ ላይ ይተፋል፤ ክንፎቹ ወዲያው ይታጠፋሉ፣ ተጭነው ለጥቂት ሴኮንዶች ይያዛሉ። እንጀራ የምትጋግር እናት ይህን ለመረዳት አትቸገርም። ምጣዱ ካልጋለ ሊጡ ዓይን አያወጣም፤ ከልክ በላይ ከጋለ ያራል። ሙጫውም ቀዝቀዝ ካለ ወረቀቱ ላይ ደርቆ እንደ ሻማ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም። ብዙ ሰዓት ሲግል ከቆየ ደግሞ ይከስልና አፉን ይደፍነዋል። ስለዚህ መብራት በሚጠፋበትና በሚዋዥቅበት አካባቢ ከማሽኑ ጋር የቮልቴጅ ማረጋጊያ መግዛት ግዴታ ነው፤ መብራት ተመልሶ ሙጫው ልኩን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ የወጡት ካርቶኖች ለብቻ ተቀምጠው መታየት አለባቸው። ይህን የመጨረሻውን ነገር የማይሠሩ ብዙ ናቸው፤ ክፍት ካርቶን ግን ከእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሊመጣ ይችላል።

ሆስፒታሎቹ ሌላ ነገር ያስታውሱናል። የመድኃኒት ካርቶን የሚቀበል የመጋዘን ሠራተኛ ማወቅ የሚፈልገው «ይህ ካርቶን ከታሸገ በኋላ ሰው ነክቶት ያውቃል ወይ?» የሚለውን ነው። በደንብ ያልያዘ ፕላስተር ቀስ ብሎ ተልጦ መልሶ ይለጠፋል፣ ምልክትም አይተውም። በውሃ ርሶ የሚለጠፍ የወረቀት ፕላስተርና ትኩስ ሙጫ ግን የካርቶኑን ፊት ሳይገሽልጡ አይላቀቁም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን ስትከለክል ሕጉ የማሸጊያ ፕላስተርን አልነካም። የወረቀቱ ፕላስተር ግን ከካርቶኑ ጋር አብሮ ወደ ወረቀት ስለሚመለስ በዚህ በኩልም ይመረጣል። የሚጠይቀው ውሃውን በልኩ የሚያረጥብ መሣሪያና ንጹሕ ብሩሽ ነው።

እርጥበት ለወረቀቱ ፕላስተር ይጠቅማል፣ ለካርቶኑ ግን ጠላት ነው። በጣም እርጥብ አየር ውስጥ የቆየ ካርቶን የመሸከም ጉልበቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። ባዶ ካርቶኖችን በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከግድግዳ አስጠግቶ የሚያከማች ፋብሪካ ማሽኑ ውስጥ የሚያስገባው የደከመ ካርቶን ነው። በእንጨት ርብራብ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

ማሽን ያለውም የሌለውም ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። በየቀኑ ከጠዋቱ፣ ከቀትሩና ከማታው ሥራ አንድ አንድ ካርቶን ለይተው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ያስቀምጡ። በማግስቱ የፕላስተሩን እግር ይዘው በዝግታ ወደ ኋላ ይላጡት። የወረቀት ጭረት እየገሸለጠ ከመጣ እሽግ ነው። ንጹሕ ሆኖ ከመጣ ልጥፍ ነው፤ የዚያን ሰዓት ሥራ ሁሉ መልሰው ይመልከቱ። ማግስቱን መጠበቅ ያስፈለገው አንዳንዱ ማጣበቂያ ወዲያው ጉልበቱን ስለማያሳይ ነው። የተላጠውን ፕላስተር ከነጭረቱ መዝገብ ላይ ለጥፎ ማኖርም ይቻላል። በወር ጊዜ ውስጥ መዝገቡ ምላጩ መቼ እንደሚደነዝዝ፣ የትኛው የካርቶን አቅራቢ አቧራማ ወረቀት እንደላከ፣ የትኛው ፈረቃ እንደሚቸኩል በግልጽ ያሳያል።

ከወራት በኋላ እዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ባለሱቁ ከሌላ አቅራቢ የመጣ ካርቶን እየከፈቱ ነበር። ቢላዋ አልያዙም ነበርና የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍራቸው አንስተው ሳቡት። ከካርቶኑ ፊት ቡናማ ቆዳ እየገሸለጠ፣ እየተንጣጣ መጣ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አልሆን አላቸውና ልጁን ጠርተው ቢላዋ እንዲያመጣላቸው ላኩት።